1,000 ብር ባንክ ሲገባ የገንዘብ አቅርቦቱ የሚያድገው በ10,000 ነው ወይስ በ9,000? የእኛ ብሔራዊ ባንክስ በዚህ ቀመር ይሠራል?

ሜሪ_ፍሬሽ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ለመግቢያ ኢኮኖሚክስ ፈተና የገንዘብና የባንክ ምዕራፍን እያነበብኩ ነው፤ ሁለት ነገር አልገባ ብሎኛል።

አንደኛው የሒሳብ ጥያቄ ነው። «አንድ ሰው በእጁ የነበረውን 1,000 ብር ጥሬ ገንዘብ ተንቀሳቃሽ ሒሳቡ ውስጥ አስገባ። ባንኮች ከተቀማጭ 10 በመቶውን በመጠባበቂያነት እንዲይዙ ይገደዳሉ። የገንዘብ አቅርቦቱ ቢበዛ በስንት ብር ያድጋል?» ይላል። አንዱ የመልስ ወረቀት 10,000 ሲል ሌላው 9,000 ይላል። ማባዣው (አንድ ብር ወደ ስንት ብር እንደሚባዛ የሚያሳየው ቁጥር) 1 ለ0.10 ተካፍሎ 10 ነው፤ 10 በ1,000 ሲባዛ ደግሞ 10,000። ታዲያ 9,000 ከየት መጣ?

ሁለተኛው፣ መማሪያው ማዕከላዊ ባንክ ሦስት መሣሪያ አለው ይላል፦ የግዴታ መጠባበቂያ፣ ለባንኮች የሚያበድርበት ወለድ፣ የመንግሥት ሰነድ መግዛትና መሸጥ። ስለ ኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በዜና የምሰማው ግን የብድር ጣሪያ፣ የ15 በመቶ የፖሊሲ ወለድ፣ የወርቅ ግዢ፣ የዶላር ጨረታ ነው። እነዚህ ከሦስቱ በየትኛው ሥር ይገባሉ? መጠባበቂያው 5 በመቶ በነበረበት ጊዜስ ማባዣው 20 መሆን አልነበረበትም?

ዴቢት_ክሬዲት፦

ትክክለኛው መልስ 9,000 ነው። ቀመርሽ ልክ ነው፤ የሚሰጥሽ ግን የተቀማጭን ዕድገት ነው። ጥያቄው የሚጠይቀው ደግሞ የገንዘብ አቅርቦትን ዕድገት ነው።

የገንዘብ አቅርቦት ማለት ከባንክ ውጭ በሕዝብ እጅ ያለው ጥሬ ገንዘብና በባንክ ያለው ተቀማጭ ድምር ነው። ሰውየው 1,000 ብሩን ኪሱ ውስጥ ይዞት ሳለም ያ ብር በአቅርቦቱ ውስጥ ተቆጥሯል። ባንክ ሲያስገባው በሕዝብ እጅ ያለው በ1,000 ቀነሰ፣ ተቀማጩ በ1,000 ጨመረ፤ ድምሩ ንቅንቅ አላለም። ለውጡ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። ባንኩ 100 ይይዝና 900 ያበድራል። ተበዳሪው 900ውን ዕቃ ይገዛበታል፣ ሻጩ በራሱ ባንክ ያስገባዋል፤ ያኛው ባንክ 90 ይዞ 810 ያበድራል፣ ቀጣዩ 729፣ ከዚያ 656 ከ10 ሳንቲም እያለ ይወርዳል። 900 ሲደመር 810 ሲደመር 729 እያልሽ እስከ መጨረሻው ብትሄጂ 9,000 ይመጣል። ከመጀመሪያው 1,000 ጋር ተቀማጩ በ10,000 አደገ፤ በእጅ የነበረው በ1,000 ስለቀነሰ የተጣራው ዕድገት 9,000 ሆነ።

ፈተና አውጪዎች ብዙ ጊዜ የሚለውጡት ቁጥሩን ሳይሆን የ1,000 ብሩን ምንጭ ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ምንጩን እይ። ብሔራዊ ባንኩ ከአንድ ግለሰብ የ1,000 ብር የግምጃ ቤት ሰነድ (መንግሥት የሚበደርበትን ወረቀት) ገዝቶ ግለሰቡ ክፍያውን ባንክ ቢያስገባ፣ ያ 1,000 ብር ከዚያ በፊት በኢኮኖሚው ውስጥ ስላልነበረ መልሱ 10,000 ነው። ብሔራዊ ባንኩ ለንግድ ባንክ በቀጥታ 1,000 ቢያበድርም መልሱ 10,000 ነው፤ መንገዱ ግን ይለያል። መጠባበቂያ የሚያዝበት ተቀማጭ ገና ስላልመጣ ባንኩ ሙሉውን 1,000 ያበድራል፣ ተከታዩ 900፣ ከዚያ 810 እያለ ይቀጥላል። ሰነዱን የገዛው ሌላ ግለሰብ ከሆነ መልሱ ዜሮ ነው፤ ገንዘቡ ከአንዱ ሒሳብ ወደ ሌላው ተዛወረ እንጂ አዲስ አልተፈጠረም።

«ገንዘቡን የተቀበለው ባንክ ብቻውን ስንት ያበድራል?» ተብሎ ከተጠየቀ 900 ብለሽ መልሺ። ያ ባንክ 9,000 ላበድር ቢል ተበዳሪዎቹ በሌላ ባንክ ላሉ ሻጮች ሲከፍሉ የሚወጣው ገንዘብ የለውም።

አስጠኚ_ማክሮ፦

መጠባበቂያው 5 በመቶ ሳለ ማባዣው 20 ያልሆነበት ምክንያት ያ ቀመር ሁለት ነገር ዜሮ ነው ብሎ ስለሚነሳ ነው። አንዱ ሕዝቡ በእጁ ጥሬ ገንዘብ አይይዝም የሚል ነው፣ ሌላው ባንኮች ከግዴታው በላይ አንድም ብር አያስቀምጡም የሚል። ሁለቱም በየትም ሀገር እውነት አይደሉም፤ ብዙ ግብይት በጥሬ ገንዘብ በሚካሄድበት እንደ እኛ ባለ ሀገር ደግሞ ልዩነቱ ይሰፋል።

ሙሉው ቀመር ይኸውልሽ፦

ማባዣ = (1 + ጥ) ÷ (ጥ + መ + ት)

ጥ ሕዝቡ በባንክ ካስቀመጠው እያንዳንዱ ብር አንጻር በእጁ የሚይዘው ጥሬ ገንዘብ ነው። መ የግዴታው መጠባበቂያ፣ ት ደግሞ ባንኮች ከግዴታው በላይ የሚይዙት ትርፍ ነው። ይህን ማባዣ የምታባዢበት ቁጥር ጥሬ ገንዘቡና ባንኮች በብሔራዊ ባንክ ያላቸው ቀሪ ሒሳብ ድምር ነው፤ የመሠረት ገንዘብ ይባላል።

ለስሌት ብለን ጥ 0.20፣ መ 0.05፣ ት 0.05 እናድርግ። 1.20 ለ0.30 ሲካፈል 4 ይሆናል። 20 የሚጠበቅበት ቦታ 4 ወጣ። አሁን መጠባበቂያው ከ5 ወደ 10 በመቶ ቢያድግስ? በአጭሩ ቀመር ማባዣው ከ20 ወደ 10 ወርዶ በግማሽ ይቀንሳል። በሙሉው ቀመር ግን 1.20 ለ0.35 ሲሆን 3.43 ነው፤ ከ4 የቀነሰው 14 በመቶ ገደማ ብቻ ነው።

ባንኮቹ አዲሱን ግዴታ ከያዙት ትርፍ ላይ ካሟሉት ደግሞ መ 0.10 ይሆናል፣ ት ወደ 0 ይወርዳል፤ 1.20 ለ0.30፣ መልሶ 4። በወረቀት ላይ መመሪያው በእጥፍ ጠብቋል፤ የገንዘብ አቅርቦቱ ግን ባለበት ነው። ማዕከላዊ ባንክ መጠባበቂያ ከማሳደጉ በፊት ባንኮች ምን ያህል ትርፍ እንደያዙ ማየት ያለበት ለዚህ ነው።

በእኛ ሀገር መጠባበቂያው በ1999 ዓ.ም. ከ5 ወደ 10፣ በ2000 ዓ.ም. የዋጋ ንረቱ ሲከፋ ወደ 15 በመቶ ወጣ፤ ከዚያ በ2004 ወደ 10፣ በ2005 ወደ 5 ወረደ። በየወሩ የሚነካካ መሣሪያ አይደለም፤ በትልቁም በትንሹም ባንክ ላይ በአንድ ቀን ይወድቃል። ወጪም አለው። ባንኩ ለቆጣቢው 7 በመቶ እየከፈለ ከ100 ብር 90ውን ብቻ የሚያበድር ከሆነና የታሰረው 10 ብር ወለድ ካልታሰበበት፣ የሚያበድረው እያንዳንዱ ብር የሚያስወጣው 7 ለ0.90፣ ማለትም 7.78 በመቶ ነው። ልዩነቱን በመጨረሻ የሚከፍለው ተበዳሪው ነው።

ነጋ_ጠባ፦

በዚህ ላይ የ27 በመቶው ሰነድ መጨመር አለበት። ከ2003 እስከ 2012 የግል ባንኮች ከሚሰጡት ብድር 27 በመቶ ያህሉን የብሔራዊ ባንክ ሰነድ እንዲገዙበት ይገደዱ ነበር። ያ 27 በመቶ መጠባበቂያ ማለት ነው፤ ማባዣውን የገደለው እሱ ነው።

የትሬዠሪ_ሰው፦

ነጋ፣ አመታቱን ልክ ብለሃል፤ ሰነዱ ግን መጠባበቂያ አልነበረም። ልዩነቱ ለፈተናም ለሥራም ስለሚጠቅም ልለየው።

የመጀመሪያው ልዩነት የሚሰላበት መነሻ ነው። መጠባበቂያ የሚታሰበው በተቀማጭ ላይ ነው፣ ሰነዱ የሚታሰበው በሚለቀቀው ብድር ላይ ነበር። 100 ሚሊዮን ብድር የለቀቀ ባንክ በላዩ ላይ 27 ሚሊዮን ብር የአምስት ዓመት ሰነድ ይገዛል፤ ብድሩ ለሁለት ወር የሚቆይ ቢሆንም ያው ነው። ሁለተኛውና ዋናው ልዩነት የገንዘቡ መድረሻ ነው። መጠባበቂያ ብሔራዊ ባንክ ውስጥ ታስሮ ይቀመጣል። ከሰነዱ የተሰበሰበው ብር ግን በአብዛኛው በልማት ባንክ በኩል ተመልሶ ለፕሮጀክት ይበደር ነበር። ስለዚህ ብድሩን ከግል ወደ መንግሥት ቅድሚያ ዘርፎች አዞረው እንጂ ከኢኮኖሚው ገንዘብ አላወጣም። በባንኮቹ ትርፍ ላይ ያደረሰው ጉዳት ግን እውነት ነው። መጀመሪያ ላይ ሰነዱ 3 በመቶ ይከፍል ነበር፤ ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ ደግሞ 5 በመቶ። በ27 ሚሊዮን ላይ የ2 በመቶ ኪሳራ በዓመት 540,000 ብር ነው።

አሁን ወደ ሜሪ ጥያቄ። መማሪያው ባንክ መጀመሪያ ተቀማጭ ይሰበስባል፣ ቀጥሎ ከዚያ ላይ ያበድራል ይላል። መዝገቡ ላይ ቅደም ተከተሉ ሌላ ነው። ባንኩ 2 ሚሊዮን ብር ብድር ሲያጸድቅ በሀብት ጎን «ብድር 2 ሚሊዮን»፣ በዕዳ ጎን «የደንበኛው ተቀማጭ 2 ሚሊዮን» ብሎ ይመዘግባል። በዚያች ሰዓት የሌላ ቆጣቢ ብር አልተነካም፣ ከካዝናም የወጣ ብር የለም፤ አዲስ 2 ሚሊዮን ብር ግን በገንዘብ አቅርቦቱ ውስጥ አለ። ብድሩ ሲመለስ ደግሞ ሁለቱም መስመሮች ይሰረዛሉ፤ ገንዘቡም ይጠፋል።

ባንኩ ላይ ጫና የሚመጣው ደንበኛው ሲከፍል ነው። ሲሚንቶ አቅራቢው በሌላ ባንክ ደንበኛ ከሆነ ዝውውሩ በብሔራዊ ባንክ የክፍያ ሥርዓት በኩል ያልፋል፦ ያበደረው ባንክ በብሔራዊ ባንክ ካለው ሒሳብ 2 ሚሊዮን ይቀነሳል፣ ለተቀባዩ ባንክ 2 ሚሊዮን ይጨመራል። አቅራቢው በዚያው ባንክ ሒሳብ ካለው ምንም አይወጣም። የሀገሪቱን ተቀማጭ ትልቁን ድርሻ የያዘው የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በዚህ በኩል ከትናንሾቹ የተሻለ ምቾት አለው፤ ካበደረው ብዙው እዚያው ተመልሶ ያርፋል።

ሒሳቡ የጎደለበት ባንክ የት ይሄዳል? የፖሊሲ ወለዱ የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። ብሔራዊ ባንኩ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወለድን ዋና መሣሪያ ሲያደርግ የፖሊሲ ወለዱን 15 በመቶ አለ፣ ግራና ቀኙን ደግሞ በ3 ነጥብ ከለለው። ትርፍ ያለው ባንክ ብሔራዊ ባንክ ዘንድ ለአንድ ሌሊት ቢያስቀምጥ 12 በመቶ ያገኛል፤ የጎደለው በ18 በመቶ ይበደራል። 50 ሚሊዮን ብር የጎደለው ባንክ በ18 በመቶ ለአንድ ሌሊት የሚከፍለው 50,000,000 በ0.18 ተባዝቶ ለ365 ሲካፈል 24,658 ብር ገደማ ነው። ከሌላ ባንክ በ15 በመቶ ቢያገኝ 20,548። ስለዚህ ከ18 በላይ የሚበደር፣ ከ12 በታች የሚያበድር ባንክ ሊኖር አይገባም፤ የባንክ ለባንክ ወለዱ በሁለቱ መካከል ይውላል። ብሔራዊ ባንኩ ወደ 15 የሚያስጠጋው ጨረታ እያወጣ ነው፤ ትርፍ ሲበዛ ይሰበስባል፣ ሲጎድል ይለቃል። የመማሪያሽ ሁለተኛና ሦስተኛ መሣሪያ እዚህ አብረው ይሠራሉ።

የሚሰናከልበትም ቦታ አለ። ባንኮች በትርፍ ከተጥለቀለቁ የባንክ ለባንክ ወለዱ ወደ 12 ይወርድና 15 የሚለው ቁጥር ማስታወቂያ ብቻ ሆኖ ይቀራል። በ18ቱ ለመበደር ደግሞ ዋስትና የሚሆን የመንግሥት ሰነድ ያስፈልጋል፤ ሰነድ ያላከማቸ ባንክ በሩ ክፍት ሆኖም አይገባም። ሥርዓቱ ሲጀመር የዋጋ ንረቱ ወደ 20 በመቶ የተጠጋ ስለነበር 15 በመቶ ራሱ ከንረቱ በታች ነበር። 7 በመቶ የሚያገኝ ቆጣቢ 1.07 ለ1.20 ሲካፈል 0.892 ነው፤ በዓመት ወደ 11 በመቶ የመግዛት አቅሙን ያጣል። እንዲህ ባለ ሁኔታ ወለድ ብቻውን ብድርን አይገታም።

የብድር ጣሪያው የቆየው ለዚህ ነው። በነሐሴ 2015 የባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳያልፍ ተባለ፤ ኋላ ወደ 18 ቀጥሎም ወደ 24 ከፍ ተደረገ። የሚታሰበው ባልተመለሰው የብድር ክምችት ላይ ነው። 40 ቢሊዮን ብር ብድር ያለው ባንክ በ14 በመቶ ጣሪያ ዓመቱን በ45.6 ቢሊዮን መዝጋት ይችላል። በመሃል 8 ቢሊዮን ቢመለስለት እሱንም መልሶ ያበድራል፤ በዓመቱ የሚለቀው 13.6 ቢሊዮን ይሆናል ማለት ነው። 2 ቢሊዮን ብድር ብቻ ያለው አዲስ ባንክ ግን ተቀማጩ በእጥፍ ቢያድግም ሊጨምር የሚችለው 280 ሚሊዮን ነው። በእኔ እይታ የጣሪያው ትልቁ ጉዳት ይህ ነው፦ ጥሩ የሚሠራውንና የማይሠራውን ባንክ በየነበሩበት ያቆማቸዋል፤ ባንኩም ጠባቧን ኮታ ለሚያውቃቸው ትልልቅ ደንበኞች ይሰጥና አነስተኛ ነጋዴው ደጅ ሲጠና ይከርማል።

በመማሪያሽ ሦስት መሣሪያዎች ውስጥ ጣሪያውን አትፈልጊው። ቀጥተኛ ቁጥጥር ነው፤ ከወለድና ከመጠባበቂያ ውጭ ብድሩን ራሱን በቁጥር ያስራል።

ሜሪ_ፍሬሽ፦

በጣም አመሰግናለሁ፣ የ9,000ው ነገር አሁን በደንብ ገብቶኛል። ወርቁና ዶላሩ ግን ቀሩብኝ። ደግሞ «መንግሥት ብር አተመ» የሚባለው ከእነዚህ ውስጥ የቱ ነው?

ዴቢት_ክሬዲት፦

ሦስቱንም በአንድ ጥያቄ ትፈቻቸዋለሽ፦ በብሔራዊ ባንኩ መዝገብ በዕዳ ጎን የባንኮች ሒሳብና በገበያ ያለው ጥሬ ገንዘብ ጨመረ ወይስ ቀነሰ? ከጨመረ የመሠረት ገንዘብ ተፈጥሯል፤ ምክንያቱ ምንም ይሁን ምን።

ብሔራዊ ባንኩ ከባህላዊ አምራቾች ወርቅ ሲገዛ በሀብት ጎን ወርቅ ይጨምራል፣ ክፍያው በባንክ ስለሚገባ በዕዳ ጎን የባንኮች ሒሳብ ይጨምራል። ከግለሰብ ሰነድ እንደመግዛት ነው፤ ሰነዱ በወርቅ ተተካ እንጂ። ወርቁ ውጭ ተሽጦ ዶላር ቢሆንም በሀብት ጎን ወርቅ በዶላር ተለወጠ እንጂ የተለቀቀው ብር አልተመለሰም።

ብሩ የሚመለሰው ዶላሩ ለባንኮች በጨረታ ሲሸጥ ነው። ለስሌት 50 ሚሊዮን ዶላር በ130 ብር ቢሸጥ ከባንኮች ሒሳብ 6.5 ቢሊዮን ብር ይቀነሳል። ሰው የዶላር ጨረታን የሚያየው ለአስመጪው ባለው ጥቅም ነው፤ የገንዘብ ፖሊሲ ሥራም አብሮ ይሠራል። ብሔራዊ ባንኩ ዶላሩን በውጭ ምንዛሪ መጠባበቂያነት ማቆየት ከፈለገ ብሩን በሌላ መንገድ፣ ትርፍ ብር በሚሰበስብበት ጨረታው መሰብሰብ አለበት። 6.5 ቢሊዮን ብርን በ15 በመቶ ለሰባት ቀን መያዝ 18.7 ሚሊዮን ብር ወለድ ያስወጣዋል።

«ብር ታተመ» የሚባለው በአብዛኛው ብሔራዊ ባንክ ለመንግሥት የሚሰጠው ቀጥታ ብድር ነው። ማተሚያ ማሽን የግድ አይደለም። ለመንግሥት ሒሳብ ይመዘገብለታል፣ መንግሥት ደመወዝና ተቋራጭ ሲከፍል ገንዘቡ ወደ ባንኮች ሒሳብ ይሻገራል፤ ከዚያ በማባዣው ያልፋል። መንግሥት ያንኑ ገንዘብ የግምጃ ቤት ሰነድ ለባንኮች ሸጦ ቢበደር ግን መጀመሪያ ከባንኮች ሒሳብ ይወጣል፣ መንግሥት ወጪ ሲያደርገው ይመለሳል፤ የመሠረት ገንዘቡ በነበረበት ይቀራል። የበጀት ጉድለቱ መጠን አንድ ሆኖ የተሞላበት መንገድ የዋጋ ንረቱን ይለውጠዋል። በነሐሴ 2015 ከብድር ጣሪያው ጋር ቀጥታ ብድሩ ከቀዳሚው በጀት ዓመት ከአንድ ሦስተኛ እንዳያልፍ የተባለውም ለዚህ ነው። እኔ ከዚያ ቀን ውሳኔዎች ሁሉ ከባዱ ይህ ነው እላለሁ፤ ምንጩ ክፍት ሆኖ ባንኮችን ብቻ ማሰር የትም አያደርስም።

አስጠኚ_ማክሮ፦

አንድ ልጨምር፤ በመስከረም 2013 የተደረገው የብር ኖት ለውጥ በፈተና የሚመጣ ዓይነት ነው። የ10፣ የ50 እና የ100 ብር ኖቶች ተለውጠው የ200 ብር አዲስ ገባ። አሮጌው በአዲስ ብር በብር ስለተለወጠ ለውጡ በራሱ የመሠረት ገንዘቡን አልጨመረም። ነገር ግን በየቤቱ የተቀመጠ ብር ባንክ እንዲገባ ስለሚያስገድድ ጥ ይቀንሳል። ቀድሞ በወሰድናቸው ቁጥሮች ጥ ከ0.20 ወደ 0.15 ቢወርድ 1.15 ለ0.25 ሲካፈል 4.6 ነው፤ ማባዣው ከ4 አደገ። ብዙ ተማሪ «ኖት ሲለወጥ ገንዘብ ይቀንሳል» ብሎ ይመልሳል። ባንኮች ተጨማሪውን ካበደሩት የሚሆነው ግን ተቃራኒው ነው።

ሜሪ_ፍሬሽ፦

ታዲያ መጠባበቂያው ከ10 ወደ 5 በመቶ ወርዶ ባንኮቹ ግን በብድር ጣሪያው ላይ ደርሰው ከሆነ፣ መልሱ «አይለወጥም» ነው?

አስጠኚ_ማክሮ፦

አዎ፣ ምክንያቱንም በቁጥር ጻፊው። መ ከ0.10 ወደ 0.05 ወረደ፤ ነፃ የወጣውን ማበደር ስለማይችሉ ት ከ0.05 ወደ 0.10 ወጣ። በፊትም 1.20 ለ0.35፣ በኋላም 1.20 ለ0.35፤ ማባዣው 3.43 ላይ ቆሟል። ባንኮቹ በትርፉ የግምጃ ቤት ሰነድ ቢገዙና መንግሥት ገንዘቡን ቢያወጣው ግን ተቀማጭ ይጨምራል፤ ጣሪያው ሰነዱንም ይጨምር እንደሆነ ጥያቄው ላይ ካልተጻፈ ያንን ግምትሽን በአንድ መስመር አስፍሪ።